ወደ ፈረንሳይኛ ስትተረጉሙ መጀመሪያ በአማርኛ በሉት

ፈረንሳይኛ እየተማራችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእንግሊዝኛውን አባባል ቃል በቃል ከመገልበጣችሁ በፊት በአማርኛ በሉት። ብዙ ጊዜ አማርኛው ለፈረንሳይኛው ይቀርባል።

“አይ ሚስ ዩ”ን እዩ። ፈረንሳዮች “ቱ ም ማንክ” ነው የሚሉት። ባለቤቱ “አንተ” ነው፤ ልክ እንደኛው “ናፈቅከኝ”። በእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ሄዳችሁ “ዠ ት ማንክ” ካላችሁ ግን “ናፈቅኩህ” ብላችሁት አረፋችሁ!

ስም ስትጠይቁም “ኮማን ቩ ዛፕሌ ቩ?” ማለት “ማን ይባላሉ?” እንደማለት ነው። “ቱ” እና “ቩ” እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ያስጨንቁት እንጂ ለኛ አዲስ አይደሉም፤ አንተና እርስዎ ናቸው። ከማታውቁት ትልቅ ሰው ጋር በ“ቩ” ጀምሩ።

ሁሉም ግን አይገጥምም። ዕድሜ ሲሆን “ዤ ቫንታን” ይባላል፣ 20 ዓመት አለኝ። ራበኝም “ዤ ፋን” ነው፣ ረሃብ አለኝ። ጠግባችሁ “አይ አም ፉል”ን “ዠ ስዊ ፕላን” ብላችሁ እንዳትተረጉሙ፤ ሰክሬያለሁ ሊመስል ይችላል። “ዤ ብያን ማንዤ” በሉ፣ በደንብ በላሁ።