ደሴና ኮምቦልቻ ለምሳ ስትወርዱ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከኮምቦልቻ ደውሎ "ምሳ የት ልብላ፣ ያለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነው" አለኝ። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ ብዬ የቤት ስም ደረደርኩለት። በኋላ ስንገናኝ ምን በላህ ስለው ሆቴል ገብቶ ደረቅ ሩዝ፣ ላዩ ላይ የቀዘቀዘ ጥብስ። ወሎ ድረስ ሄዶ ሩዝ! ግን ጥፋቱ የኔም ነው፣ የነገርኩት ቤቶች አንዱ ተዘግቷል፣ አንዱ የዛን ቀን የጾም ብቻ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ደሴ ነው ያለው እሱ ኮምቦልቻ። እዛ አካባቢ ምሳ ለማግኘት የቤት ስም ከማወቅ ይልቅ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው የሚጠቅመው፣ ይሄን ያወቀ ሰው ስም የሌለው ቤት ገብቶም ይጠግባል። እኔ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወልዲያ ስመላለስ የሠራኋቸውን ስህተቶች፣ ሌላ ሰው ሲሠራ ያየሁትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተት ቀኑን ሳያዩ መውረድ ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ቤቱ ሁሉ የጾም ነው፣ ሥጋ ቤቱም ይዘጋል፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ካልሆነ በቀር። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው እዚህ ጋ ያቆምና "ዛሬ ረቡዕ ነው ሥጋ የለም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወሎ መሆኑን ይረሳዋል ማለት ነው። የሙስሊም ምግብ ቤት በየሰፈሩ አለላችሁ፣ ረቡዕም ቢሆን ጥብሱም ቅቅሉም አለ። የጾም የፈለገ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ቤት በያይነቱ ከሌላው ቀን የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የዛን ቀን ዋናው ሥራቸው እሱ ስለሆነ ምስሩም ጎመኑም ስልጆውም አዲስ ነው፣ ማክሰኞ ስታዙት ግን እንደ ተረፈ ነገር ጥግ ላይ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ዓርብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጁምዓ። ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ የሙስሊም ቤቶቹ ብዙዎቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ወይ ጭራሽ ቆልፈው መስጊድ ይሄዳሉ፣ እስከ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ። እኔ አንድ ዓርብ ልክ 6፡40 ላይ ደሴ ወርጄ ጥብስ ጥብስ እያልኩ በር ለበር ስዞር፣ በር ላይ በርጩማ ያወጡ አንድ ሽማግሌ አዩኝና "ልጄ ምን ያዞርሃል፣ ቁጭ በል ይመጣሉ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። እውነትም መጡ፣ ሁሉም በአንዴ ነው የመጡት፣ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ቤቱ ጢም አለ፣ ያንን የመሰለ ጥብስም በላሁ፣ መኪናዬ ግን ጥሎኝ ሄዷል። ስለዚህ ዓርብ ቀን ወይ ከ6 ሰዓት በፊት ብሉ ወይ የጾም ብሉ፣ ወይ ደግሞ የማይጠብቃችሁ መኪና አይኑራችሁ።

ረመዳንና ሁዳዴም እንደዚሁ። በረመዳን የሙስሊም ቤቶቹ ቀን ዝግ ናቸው፣ የክርስቲያኑ ክፍት ነው። በሁዳዴ ደግሞ ለ55 ቀን የክርስቲያኑ ቤት ሥጋም ቅቤም የለውም፣ የሙስሊሙ አለው። ችግሩ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው፣ 2017 ላይ ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ውስጥ ረመዳን ገባ፣ 2018ም ተከታትለው ነው የገቡት፣ ያኔ ቀን በአደባባይ ሥጋ ፍለጋ መዞር ድካም ነው፣ ሽሯችሁን ብሉ። ማምሻውን የምታልፉ ከሆነ ግን ረመዳን የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው፣ መግሪብ ሲል ሾርባው ሳምቡሳው ቴምሩ መንገድ ላይ ነው፣ እንግዳ ሆናችሁ ቆማችሁ ካያችሁ ኑ አፍጥሩ የሚላችሁ አይጠፋም።

ሁለተኛው ስህተት የሥጋውን ነገር አፍሮ አለመጠየቅ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "የማን ሥጋ ነው" ብሎ መጠየቅ ሰው የሚያስከፋ ይመስለዋል። ወሎ ላይ ማንም አይከፋም፣ አስተናጋጇ ራሷ አስቀድማ ትነግራችኋለች፣ በሩ ላይም ብዙ ጊዜ መስቀል ወይ ጨረቃ አለ። ሠርግ ላይ እንኳ ለሁለቱም ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ተሠርቶ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ጥያቄው ለኛ እንደ "ሻይ ነው ቡና" ነው። ጠይቁና እርፍ በሉ። ከተለያየ ሃይማኖት ጓደኛ ጋር ከሆናችሁና አንድ ትሪ ላይ መብላት ካማራችሁ ሽሮ፣ እንቁላል ወይ ዓሳ እዘዙ፣ አለቀ። ሽሮ ስትሉ ግን ቦዘና እንዳይመጣባችሁ፣ ቦዘና ውስጡ ሥጋ አለው፣ አንድ ጓደኛዬ ዓርብ ቀን "ሽሮ ነው እኮ" እያለ ግማሹን ከበላው በኋላ ነው ቁራጭ ሥጋ ጥርሱ ስር የገባበት። ጾመኛ ከሆናችሁ በዘይት ይሁን ማለትም አትርሱ፣ ዝም ካላችሁ ቅቤ ጣል ይደረግበታል፣ ለፍቅር ብለው እንጂ ለክፋት አይደለም።

ቀጥሎ "ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?" ብሎ መጠየቅ። ይሄ ጥያቄ ራሱ ነው ስህተቱ። ባጃጁ ጥሩ ስትሉት እናንተን አይቶ፣ ሻንጣችሁን አይቶ፣ ፎቅ ያለው ሆቴል ነው የሚወስዳችሁ፣ እሱ ያከበራችሁ ነው የሚመስለው፣ እዛ ደግሞ ሜኑው አስር ገጽ ሆኖ ከአስሩ ዘጠኙ የለም። እንደዚህ በሉት፦ "አንተ ራስህ ዛሬ ምሳ የት ነው የምትበላው?" መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ "አብሽር ና ላሳይህ" ይላል፣ አንድ ቅያስ ውስጥ ከቆርቆሮ በር ጀርባ ቤት ውስጥ የምትሠራ እናት ጋ ያደርሳችኋል። እኔ ደሴ ፒያሳም ሰኞ ገበያም ቧንቧ ውሃ አካባቢም እንደዚህ እየጠየቅኩ ያላየሁት ጓዳ የለም። ባጃጅ ከሌለ የሱቅ ሰው ወይ የባንክ ጥበቃ ጠይቁ፣ ጥበቃ ምሳው ውድ ሊሆን አይችልም፣ መጥፎም ሊሆን አይችልም፣ በየቀኑ ነዋ የሚበላው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው "የባህል" የሚል ጽሑፍ ማሳደድ ነው። ሞሰቡ የተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ ጋሻ የተሰቀለበት ቤት የማታ ቤት ነው፣ ጭፈራ ሲኖር ያምራል፣ ቀን ስትገቡ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ባዶ ወንበር ያለበት ቤት ደግሞ ወጡ የትናንት ነው። የምሳው ባህል ያለው ግን ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚበላበት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። እዛ ስትገቡ ባዶ ጠረጴዛ አትጠብቁ፣ ሰው ያለበት ተቀመጡ፣ "እንብላ" ይሏችኋል፣ "ብሉ፣ ይስማማችሁ" በሉ። ሦስቴ ከጋበዟችሁ ግን አንድ ጉርሻ መቅመስ ነው፣ እምቢ ማለት ያስቀይማል።

መኪናው ያቆመበት ቤት መብላትም አለ፣ እሱን ብዙ አላወራም፣ ሹፌሩና ረዳቱ ብዙ ጊዜ በነጻ ይበላሉ፣ የነሱን ሂሳብ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ሁለት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ። የረዳቱን ስልክ ግን ሳትይዙ አትውረዱ።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ኮምቦልቻ ሆኖ ደሴ ወጥቶ ምሳ ለመብላት ማሰብ ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው "ደሴ ገባሁ" ይላል፣ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። ሁለቱ ከተሞች ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በካርታ ሲታይ ምንም አይደለም፣ ግን መሀል ላይ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ያንን ሁሉ እየተጠማዘዛችሁ ነው የምትወጡት፣ ከፊታችሁ የጫነ ተሳቢ ካለ ደግሞ በቃ። ደሴ አናት ላይ ያለው ጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ታች በሸሚዝ የነበረው ሰው ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ካላችሁ ያላችሁበት ከተማ ብሉ። ወደ ወልዲያ የምትቀጥሉ ከሆነ ግን ትንሽ ታገሱና ሐይቅ ብሉ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ቆሮሶ ዓሳ ሙሉውን ጠብሰው በሎሚና በአዋዜ ያቀርቡላችኋል፣ እኔ ለዛ ዓሳ ብዬ ቁርስ ዘልዬ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደግሞ ከሚሴ ወይ ሐርቡ ላይ የማሽላ እንጀራ ካጋጠማችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ቆላ ነው፣ ማሽላው የራሱ ነው፣ በትኩሱ ከወጥ ጋር ሞክሩት።

የማይደርስ ነገር ማዘዝም ሰው ያስርባል። ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ቀድሞ ካልተሠራ "አሁን ይደርሳል" የምትለዋ አስተናጋጅ ጨዋነቷ ነው እንጂ አይደርስም። "የደረሰ ምን አለ?" በሉ፣ ይቺ ቃል ብዙ ምሳ አድናልኛለች። በያይነቱ ወዲያው ነው፣ ተጋቢኖ ሩብ ሰዓት፣ ጥብስ እንደ ወረፋው። ቅቅል የጠዋት ነገር ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ዱለት ደግሞ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ከሰዓት በኋላ እኔ አልነካም፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ። ጥሬ ሥጋም እንደዛው፣ ገና አምስት ስድስት ሰዓት መንገድ ካላችሁ ቤታችሁ ደርሳችሁ ብሉት፣ መኪናው ለናንተ ሆድ ብሎ ቁልቁለት ላይ አይቆምም።

ቡናው ላይ ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ጨርሶ አለመጠጣት፣ አንዱ ደግሞ ቤት ገብቶ መቀመጥ። ወሎ ቤት ውስጥ ቡና ከተቀመጣችሁ አቦል ጠጥቶ መነሳት የለም፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ ዱዓው አለ፣ ትልልቅ ሰዎች እየመረቁ "እኔ እንኳ ቸኩያለሁ" ብላችሁ ጫማ መፈለግ ምን ይባላል? ስለዚህ ሰዓት ከሌላችሁ መንገድ ዳር የጀበና ቡና ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ በሉና አንድ ስኒ ከጤና አዳም ጋር፣ ሂሳብ፣ ሂዱ። ገጠር ቀመስ ቦታ ከሆነ በስኳር ነው በጨው ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ጨው የገባበትን እወዳለሁ፣ አብሮኝ የነበረ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ስኒውን ይዞ ዙሪያውን ሲያይ ነበር፣ የት ልድፋው ብሎ።

ሌላው የብር ነገር። ቴሌብር አለኝ ብላችሁ ኪሳችሁን ባዶ አትተዉ፣ ጓዳ ያለች ምግብ ቤት ላይ አንዳንዴ ኔትወርክ አይገባም። እኔ አንዴ በልቼ ስጨርስ አልሠራ ብሎኝ ስልኬን ወደ ጣሪያ ሳነሳ ሳወርድ፣ እትዬ "ተወው ልጄ፣ መኪናህ ይሂድብህ? ስትመለስ ትሰጠኛለህ" አሉኝ። የተመለስኩት ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ዕዳዬን ልከፍል ስገባ እሳቸው የበላሁትን ረስተውታል፣ እኔ ነኝ ያስታወስኳቸው፣ "ተጋቢኖ ነው፣ ሁለት እንጀራ ጨምሬያለሁ" ብዬ። "ሁለት? አንድ ነው እንጂ" ብለው የአንዱን መለሱልኝ።