የአናንሲን ተረት በጃማይካ ወግ እንዴት መንገር ይቻላል

ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ለወንድሜ ልጆች የአናንሲን ተረት አነበብኩላቸው። ከስልኬ ላይ፣ ቃል በቃል። ግማሹን ሳልደርስ ትንሹ እንቅልፍ ወሰደው። ትልቋ ደግሞ "ይሄ ተረት ሳይሆን ንባብ ነው" አለችኝ። ልክ ነበረች። የካሪቢያን ተረት ግማሹ የነጋሪው፣ ግማሹ የአድማጩ ነው። የአድማጩ አፍ ካልሠራ ተረቱ አይነሳም። በሳምንቱ እንዲህ አድርጌ ደገምኩት።

መጀመሪያ ባለታሪኩን ተዋወቁት። አናንሲ ሸረሪት ነው። ስሙ ራሱ በጋናዎቹ የአካን ሕዝቦች ቋንቋ ሸረሪት ማለት ነው። ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ወደ ጃማይካ የገባው በሰው አፍ ነው። እንግሊዞች ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. በ1655 ከስፔን ቀምተው የሸንኮራ እርሻ ሲያስፋፉ በባርነት ካጋዟቸው ሰዎች መሀል ብዙ አካኖች ነበሩ። አናንሲ ትንሽ ነው፣ ጉልበት የለውም። ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ሆዱ አይጠግብም። ግን ጉልበተኛውን በምላሱ ያንበረክከዋል። ባርነት በ1838 ሙሉ በሙሉ እስኪቀር ድረስ ሰው በጌታው እርሻ ላይ ውሎ ማታ ይሄን ሲሰማ ምን ያህል አንጀቱን እንዳራሰው አስቡት። ስለዚህ ለልጅ ነው ብላችሁ ጨዋ አታድርጉት። ጨዋ አናንሲ አይጥምም።

ጃማይካዎች "ብሬዳ አናንሲ" ይሉታል፣ ወንድም አናንሲ እንደማለት። እኔ "አያ አናንሲ" አልኩት። አያ ጅቦ ካለ አያ አናንሲ ምን ይለዋል?

1. እስኪመሽ ጠብቁ

በጃማይካ የአናንሲን ተረት በቀን ማውራት ገድ የለውም ይባላል። በሌላዋ የካሪቢያን ደሴት በማርቲኒክ ደግሞ ቀን ያወራ ሰው ቅርጫት ይሆናል ይላሉ። በጃማይካ ተረቱ ከሚደምቅባቸው ቦታዎች አንዱ ለቅሶ ቤት ነው። ሰው በሞተ በዘጠነኛው ሌሊት ጎረቤት ተሰብስቦ ሲዘፍን፣ ሲጠያየቅ፣ ተረት ሲያወራ ያነጋል። ለእኛ ቤት መብራት መጥፋቱ በቂ ነው። ካልጠፋም አጥፉት፤ ስልኮቹንም ሰብስቡ።

2. በእንቆቅልሽ አፋቸውን ክፈቱ

በሄይቲ ነጋሪው "ክሪክ?" ሲል ሰው ሁሉ "ክራክ!" ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ ተረቱ አይጀመርም። የእኛው "ተረት ተረት"፣ "የላም በረት" ነው እንግዲህ። በጃማይካ ለቅሶ ቤት ደግሞ እንቆቅልሽ አይጠፋም። አንዱን ልስጣችሁ፦ "ከላይ ሲኦል፣ ከታች ሲኦል፣ መሀሉ ሃሌሉያ።" መልሱ ፑዲንግ ነው። የስኳር ድንቹን ጣፋጭ ከላይም ከታችም ፍም አድርገው ይጋግሩታል። እኔ ስጠይቅ ትልቋ ሳታስብ "ድፎ ዳቦ!" አለች። ስህተት ነው ለማለት አልደፈርኩም።

3. አጥንቱን ያዙ፣ ሥጋውን እዚያው አልብሱ

ቃል በቃል አትሸምድዱ። አራት አምስት ነጥብ ብቻ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄኛው ይሻላል፦

በጫካው ውስጥ ነገር ሁሉ በነብር ስም ይጠራል። አናንሲ "ተረቶቹ እንኳ በኔ ስም ይጠሩ" ብሎ ይለምናል። ነብር ይስቅና "እባብን ከነነፍሱ ይዘህ አምጣ" ይለዋል። አናንሲ ወጥመድ ይዘረጋል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አልሆነም። በመጨረሻ እባብ ቤት ሄዶ እንዲህ ይላል፦ "አያ እባቦ፣ በዓለም ረጅሙ አንተ ነህ ብዬ ነበር። ሰው ግን ያ ቀርከሃ ይበልጠዋል ይላል።" እባብ ይቆጣል። "ቆርጠህ አምጣና ለካኝ!" ቀርከሃው መጣ፣ እባብ ጎኑ ተጋደመ። "ወደ ላይ ስትሳብ ጭራህ እየሸሸ አስቸገረኝ፣ ልሰረው?" ጭራው ታሰረ። "አሁን ዓይንህን ጨፍነህ ተንጠራራ!" ወገቡም አንገቱም ታሰረ። ተረቶቹ ከዚያ ወዲህ የአናንሲ ተረት ተባሉ።

በነገራችን ላይ በጃማይካ ጫካ ነብር የለም። እሱም ከሸረሪቱ ጋር ከአፍሪካ የተሰደደ ነው።

4. ለእያንዳንዱ ድምፅ ስጡ

ነብር ያጓራል፣ እባብ ቃሉን ይጎትታል። አናንሲ ኮልታፋ ነው፣ በአፍንጫው ያወራል። ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሞክሩት። ሳቁ ከዚህ ይመጣል። የጃማይካዋ ገጣሚ ሉዊዝ ቤኔት፣ ሰው ሚስ ሉ የሚላት (1919–2006)፣ አናንሲን ስታወራ የደሴቲቱ ሰው በሚናገርበት በፓትዋ እንጂ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አልነበረም። እናንተም እንደ ዜና አንባቢ አትናገሩ። ጎንደሬው በጎንደሬኛው፣ አራዳውም በአራድኛው ያውራ።

5. ዘፈን ጣል አድርጉበት

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ የአናንሲ ተረቶች ውስጥ አጭር ዘፈን አለ፤ አንዳንዴም ተንኮሉ የሚፈጸመው በዘፈኑ ነው። የጃማይካ ገበሬዎች በደቦ ሲቆፍሩ አውራጁን "ቦማ"፣ የተቀባዩን መልስ "ቦቢን" ይሉት ነበር። ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኔ ለእባቡ ተረት ይሄን ፈጠርኩ፦

አውራጅ፦ ቀርከሃ ይበልጣል!
ተቀባይ፦ የለም፣ እባብ ይበልጣል!

እያጨበጨባችሁ ሦስት ጊዜ በሉት። ጭራው ሲታሰር ቀስ ብሎ፣ ወገቡ ላይ ፈጠን፣ አንገቱ ላይ በጣም ፈጥኖ። ልብ በሉ፣ ተቀባዮቹ የእባቡን ወገን ይዘው እየጮኹ ነው እባቡ የሚታሰረው። ትልቋ ይሄ የገባት በሦስተኛው ዙር ነው። አፏን ያዘች።

ጀሪካን ወይም ከበሮ ካለ ደግሞ ከጋሪፉናዎች አንድ ነገር ተዋሱ። ጋሪፉናዎች የአፍሪካውያንና የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ቪንሰንት ነባር ሕዝብ ዘር ናቸው። እንግሊዞች በ1797 ከደሴታቸው አግዘው ሆንዱራስ ዳርቻ ጣሏቸው። ቋንቋቸውን፣ ውዝዋዜያቸውንና ሙዚቃቸውን ዩኔስኮ በ2001 በቅርስነት አውጆታል። ሁለት ዓይነት ከበሮ አላቸው። ሴጉንዳ የሚባለው ወፍራሙ ምቱን ሳይለውጥ ይዞ ይቆያል፤ ፕሪሜራ ትንሹ ነው፣ በላዩ ላይ እንደፈለገ ይጫወታል። ጀሪካኑን ለትንሹ ልጅ ስጡና አንድ ምት ብቻ ይያዝ። እንቅልፍም አይወስደውም።

6. አፋችሁን አጽዱና ዝጉ

የእኛ ተረት ነጋሪ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብሎ ዳቦ ይጠይቃል። ጃማይካዊው ደግሞ "ጃክ ማንዶራ፣ ሚ ኖ ቹዝ ነን" ይላል። "ይሄን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም" እንደማለት። ጃክ ማንዶራ የመንግሥተ ሰማያት በረኛ ነው ይባላል። አናንሲ ክፉ ሥራ ስለሚሠራ፣ ያወራው ሰው "በኔ እንዳይቆጠር" ብሎ ለበረኛው ያስታውቃል። ሚስ ሉ የነገረችው ይሄን ነው።

ከዚያ በኋላ "እና ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?" አትበሉ። ዝም በሉና ጀሪካኑን ለሚቀጥለው ሰው አሳልፉ። እንቆቅልሽ የሚጠይቀው እሱ ነው።