ልጃችሁ «እግዚአብሔር አንድ ነው ሦስት?» ካላችሁ ምን ትሉታላችሁ

ይሄን የምጽፈው ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ለምታስተምሩና ቤት ውስጥ በልጅ ጥያቄ ለምትፋጠጡ ወላጆች ነው፣ በተለይ ደግሞ ውጪ ላላችሁት፣ ምክንያቱም እዛ ልጁ ክፍል ውስጥ ከየሃይማኖቱ ልጅ ጋር ስለሚቀመጥ አንዱ «እናንተ እኮ ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት» ይለዋል፣ እሱም ማታ እራት ላይ አምጥቶ ይጥልባችኋል። አብዛኞቻችን ያን ጊዜ «ይሄ ምሥጢር ነው፣ ዝም ብለህ እመን» እንላለን። ምሥጢር መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ቤተክርስቲያን ይሄን ትምህርት፣ ምሥጢረ ሥላሴን፣ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር (የሃይማኖታችን ምሰሶ ከሆኑት አምስት ትምህርቶች) መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው እንድንማረው እንጂ እንድንሸሸው አይደለም። ዝም ያሰኛችሁት ልጅ ደግሞ መልሱን ከቲክቶክ ነው የሚያገኘው፣ እዛ ያለውን ታውቁታላችሁ።

እኔ የምመክረው ከፀሐይ ምሳሌ አትጀምሩ። ሁሉም ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ምሳሌ ይሮጣል፣ ልጁም ምሳሌውን ይይዝና እግዚአብሔርን ይረሳዋል። ልጁ በየቀኑ ከሚያደርገው ነገር ጀምሩ፣ ከማማተቡ። አማትብ በሉት። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ይላል። ስንት ስም ጠራህ? ሦስት። መጨረሻ ላይስ ምን አልክ? አሐዱ አምላክ፣ አንድ አምላክ። በቃ፣ የጠየቀውን ነገር ራሱ መናገር ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ሲመልሰው ነው የኖረው። የክርስትናው ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ካለ እሱንም አሳዩት፣ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ፣ ቄሱ ሦስቴ ውሃ ውስጥ ሲነክሯቸው፣ ጥምቀቱ ግን አንድ ነው። ልጆች የራሳቸውን የሕፃንነት ቪዲዮ ማየት ስለሚወዱ ይሄኛው ትምህርት ሳይሰለቹት ያልቃል።

ቀጥሎ ማቴዎስ 3ን አንብቡላቸው፣ ዮርዳኖስን። ወልድ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል፣ አብ ደግሞ ከሰማይ «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ይላል። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ነው የተገለጡት፣ ስለዚ አንዱ ስሙን እየቀያየረ የመጣ አይደለም። ይቺን ነጥብ አስምሩባት፣ ወደ ኋላ ላይ ትፈለጋለች።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ልጁ የሚምታታበት «አንድም ሦስትም» የሚለውን በአንድ ነገር ሁለት ቁጥር አድርጎ ስለሚሰማው ነው፣ እንደዛ ቢሆንማ እውነትም ስሜት አይሰጥም ነበር። ስለዚ «በምን አንድ፣ በምን ሦስት» ብላችሁ ለዩለት። ሦስትነታቸው በስም፣ በአካልና በግብር ነው፣ አንድነታቸው ደግሞ በባሕርይ (በምንነት)፣ በመለኮት (በአምላክነት)፣ በህልውና፣ በሥልጣን። አካል ስትሉት እጅና እግር እንዳያስብ ተጠንቀቁ፣ «እኔ» ማለት የሚችል ማለት ነው በሉት፣ ለልጅ ያህል እሱ ይበቃል። አብ «እኔ» ይላል፣ ወልድም ይላል፣ መንፈስ ቅዱስም ይላል፣ ግን አንዱ የሚፈልገውን ሌላው የማይፈልግበት፣ አንዱ ያለው ኃይል ሌላው ጋ የሚያንስበት ነገር የለም። የግብር ልዩነታቸውም አጭር ነው፣ አብ ይወልዳል፣ ወልድ ይወለዳል፣ መንፈስ ቅዱስ ከአብ ይሠርጻል (ይወጣል)።

«ይወልዳል» ስትሉ ወዲያው «ሚስቱ ማናት?» ይመጣል፣ እመኑኝ ይመጣል 😄 አትደንግጡ፣ አትቆጡም። አባቶች ሁለት ልደት ብለው ነው የሚያስተምሩት፣ የመጀመሪያው ከዓለም በፊት ከአብ ያለ እናት፣ ሁለተኛው በኋላ ዘመን ከድንግል ማርያም ያለ አባት። የመጀመሪያው እንደ ሰው አይደለም፣ አብ ያለ ወልድ የኖረበት ቀን የለም፣ አባት ሲባል ቀድሞ ልጅ ሲባል ተከትሎ የመጣ አይደለም። ከዚህ በላይ ለ8 ዓመት ልጅ አትጨምሩ።

ሥዕሉንም አስረዱት ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዛ ላይ ነው። ቤተክርስቲያን ሲገባ ነጭ ጺም ያላቸው ሦስት አንድ አይነት ሽማግሌዎች፣ በአራቱ ማዕዘን ዙፋኑን የሚሸከሙት አራቱ እንስሳ፣ ያይና «ሦስት አያቶች» ብሎ ይወስደዋል። ዘፍጥረት 18ን አንብቡለት፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የተቀበላቸውን ሦስት እንግዶች፣ ሐምሌ 7 የምናከብረውን። ሠዓሊው ፊታቸውን አንድ አይነት ያደረገው የሚበልጥ የሚያንስ፣ የሚቀድም የሚከተል የለም ለማለት ነው፣ አብን አሮጌ ወልድን ወጣት አድርጎ አልሳለም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ከሆነ ፎቶውን አውጡና አሳዩት፣ በኔ እይታ ከብዙ ስብከት ይሻላል። ግን ሥላሴ ሽማግሌ ሰዎች እንዳልሆኑ፣ ይሄ ለአብርሃም በታዩበት አምሳል የተሳለ እንደሆነ በግልጽ ንገሩት።

አሁን ምሳሌ ማምጣት ትችላላችሁ። አባቶቻችን የሚጠቀሙት ፀሐይን ነው፣ ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ፣ ሦስት ፀሐይ ግን አንልም። ምሳሌው የት ላይ እንደሚያልቅም ጨምሩበት፣ የፀሐይ ብርሃን አያናግርህም አይወድህም፣ ወልድ ግን ይወድሃል። የውሃ፣ በረዶና እንፋሎቱን ምሳሌ ግን ተዉት፣ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል ግን አይሆንም። ያው አንዱ ውሃ አንዴ በረዶ አንዴ እንፋሎት ይሆናል ማለት አንዱ አምላክ አንዴ አብ አንዴ ወልድ ሆኖ ይመጣል ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው፣ ቤተክርስቲያን ያወገዘችው የሰባልዮስ ትምህርት ነው፣ ዛሬም «ኦንሊ ጂሰስ» የሚባሉት የሚሉት ወደዛው የሚጠጋ ነው። ዮርዳኖስ ላይ አስምሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ለታዳጊዎች ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ «ኢየሱስ ራሱ አብ ከእኔ ይበልጣል ብሏል እኮ» ዮሐንስ 14:28። ጥቅሱን አትሽሹት፣ አብራችሁ ክፈቱት። ቃል ሥጋ ሆኗል፣ ሰው ሆኖ ተርቧል ደክሟል ጸልዮአል፣ በለበሰው ሥጋ በትሕትና የተናገረው ነው፣ እዛው ወንጌል ላይ 10:30 «እኔና አብ አንድ ነን» ያለውም እሱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የአርዮስ መንገድ ነው። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነበር፣ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር አለ፣ በ325 ኒቅያ ላይ 318ቱ ሊቃውንት ተሰብስበው አወገዙት፣ «በአንድ አምላክ እናምናለን» የምንልበት ጸሎተ ሃይማኖትም መሠረቱ ከዛ ነው። ታዳጊዎች ታሪክ ሲሆን ጆሯቸው ይቆማል፣ ስለዚ ይቺንም ጣል አድርጉ፦ አርዮስን ሲታገል የኖረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ነው አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው፣ በኋላ አርዮሳዊ ሐሳብ የያዘው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዎስ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ጽፎ አባ ሰላማ ተመልሶ ይመርመር ብሎ ነበር። አባ ሰላማ መሄዱን የሚናገር መዝገብ የለም። የአክሱሙ ንጉሥ የኢዛና የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ ተብሎ ተቀርጿል። ማለትም ክርክሩ የሩቅ ሀገር ጉዳይ አልነበረም፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር።

እዚህ ድረስ ብቻ ካስተማራችሁ ግን ክርክር የሚያሸንፍ ልጅ ነው የምታወጡት፣ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ከማያውቀው ይብሳል። ኢየሱስን መከተል የሚባለው ነገር አለ። ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው ካልን የኖረው ኑሮ የእግዚአብሔር ኑሮ ነው፣ ስለዚ እንዴት እንደኖረ አይቶ መከተል ነው። ከማቴዎስ 5 እስከ 7 ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ በሳምንት አንድ ትእዛዝ ብቻ ያዙ። እኔ ብሆን የምጀምረው ከ5:23 ነው፣ መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ከሚለው። ማታ ከጸሎት በፊት እህቱን ይቅርታ ይጠይቅ፣ እናንተም ባልና ሚስቱ በዛኑ ሰዓት፣ ልጆች ፊት፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ቀጥሎ ምዕራፍ 6 ላይ ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም አለ፣ ሦስቱም «ሰው እንዲያይልህ አታድርገው» ተብለው ነው የተነገሩት። ጾም 7 ዓመት ሲሞላው ይጀምራል፣ አሜሪካ ያላችሁ ረቡዕ የትምህርት ቤቱ ምሳ ቺዝ ፒዛ ከሆነ ምስር ቋጥሩለት እንጂ ብቻውን እንዲታገል አትተዉት። ዘኬዎስንም ንገሩት፣ ኢየሱስን አስተናግዶ በቃል ብቻ አላለፈም፣ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ከጓደኛው የወሰደው መጫወቻ ካለ ነገ ይመልስ።

ጊዜውን አታርዝሙ፣ አስር ደቂቃ ይበቃል። ጸሎተ ሃይማኖትን በአንድ ማታ አንድ ዐረፍተ ነገር እያላችሁ አስጠኑት፣ «ሁሉን የያዘ» ማለት ምን እንደሆነ ይጠይቃችሁ። ልጁ አማርኛው ካልገባው በእንግሊዝኛ ወይም በሚያውቀው ቋንቋ አስረዱት፣ አማርኛ እንዲለምድ ብላችሁ ሃይማኖቱን አታስጥሉት፣ ቋንቋው በሌላ ሰዓት ይደርሳል። መልስ ያላገኛችሁለትን ጥያቄ እሱ ራሱ በእጁ ይጻፈውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባታችሁ ያቅርበው፣ እናንተ ከጎኑ ቁሙ እንጂ አትጠይቁለት።