ግድግዳው ሳይዘጋ፦ ቤት ስታሠሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በሄልፐርነት ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ፤ አብዛኛውን አዲስ አበባ፣ በብዛት ኮንዶሚኒየም ላይ። የሥራዬ ግማሹ አዲስ ሥራ አይደለም፣ ሌላ ሰው የሠራውን ማፍረስ ነው። የደወለልኝ ሰው "ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር ነበረች..." ብሎ ከጀመረ ትንሽ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ሴራሚክ የሚያስነሳ ነገር ነው።

ለሙያ ጓደኞቼ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ውስጣችን ሌባም ሰነፍም አለ። ግን አንድ ዓይነት ጥፋት ከአንድ ዓይነት አሠሪ ጋር ሲደጋገም ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ።

ወሬውን ሰምቶ መቅጠር

ባለሙያ የሚገኘው በጎረቤት ጥቆማ፣ በሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ወይም በደላላ ነው። በየትም ይምጣ ግድ የለኝም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ መጥቶ ቤቱን ይዞራል፣ "ይሄማ ቀላል ነው" ይላል፣ ከስልኩ ያማረ መታጠቢያ ቤት ያሳያል፣ በቃ ተቀጠረ። ፎቶው የራሱ ሥራ ይሁን ከቴሌግራም የወረደ ማን አጣራ?

ከዓመት በፊት የሠራበትን ቤት ጠይቁና ሄዳችሁ እዩ። አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። እዚያ ስትደርሱ በሴራሚኩ አትደመሙ። ከእቃ ማጠቢያው ስር ጎንበስ ብላችሁ እጃችሁን ሲፎኑ ላይ አሳርፉ። እርጥብ ከሆነ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ። ባለቤቷን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቋት፦ "ችግር ሲፈጠር ስልክ ያነሳል?" ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት) ካለው ጥሩ ነው፤ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ግን ወረቀቱ ስልክ አያነሳም።

"ሁሉንም እኔው እሠራዋለሁ"

ቧንቧውንም፣ መብራቱንም፣ ሴራሚኩንም፣ ቀለሙንም የሚሠራ አንድ ሰው አገኘን ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ። ከአራቱ ሦስቱን የሚማረው እናንተ ቤት ነው። እኔ ራሴ 16 ዓመት ሠርቼ ሽቦ አልነካም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ሁሉን አወቁ ከሌላው ሶኬት ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ አያይዞት፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ሶኬቱ ሲቀልጥ አይቻለሁ።

"እንተማመናለን"

የምጠላው ቃል ነው። እንዳስታርቅ ከተጠራሁባቸው ጠቦች አብዛኞቹ በዚህ ቃል የተጀመሩ ናቸው። በተለይ ሠራተኛው የዘመድ ልጅ ሲሆን። ዋጋው በካሬ ነው፣ በቀን ነው ወይስ በቁርጥ? ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው) በካሬው ሂሳብ ውስጥ ነው ወይስ በሜትር ለብቻው? ፍርስራሹን ማን ያወጣል? አሸዋና ሲሚንቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣውን የቀን ሠራተኛ ማን ይከፍላል? ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉት። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ የመታወቂያ ኮፒ አያይዙ። ወረቀት ሲያይ የሚኮሳተር ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አሁኑኑ ይኮሳተር፣ ይሻላል።

ቀብድ

ግማሹን ከፍላችሁ ሥራ አታስጀምሩ። ዕቃውን እናንተ ከገዛችሁ ሠራተኛው ለመጀመር የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የጥቂት ቀን ወጪ ነው። ቀሪውን በሥራው ደረጃ ክፈሉ። በእኔ ሥራ ለምሳሌ ቱቦው ተዘርግቶ፣ ግድግዳው ሳይዘጋ ሲፈተሽ አንድ ክፍያ፣ መቀመጫውና ማጠቢያው ሲገጠም አንድ ክፍያ። ከአጠቃላዩ አንድ አስረኛ የሚሆን ገንዘብ ግን ሁለት ሳምንት ቤቱን ተጠቅማችሁበት እስክታዩ እጃችሁ ላይ ይቆይ።

ጊዜውንም አስቡ። ብዙ የፊኒሺንግ ሠራተኞች ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ። ጳጉሜን ላይ ሥራ አስጀምሮ ሙሉ ክፍያ የሰጠ አንድ ደንበኛዬ "ከመስቀል በኋላ እመለሳለሁ አለኝ" ሲለኝ ጥር ገብቶ ነበር። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልጠየቀውም።

ዕቃ እሱ ይግዛው ማለት

እዚህ ላይ ራሴን ላጋልጥ። ወጣት እያለሁ ከባለሱቅ ኮሚሽን እቀበል ነበር። ደንበኛው በሰጠኝ ብር ቀጭኑን ቱቦ እገዛለሁ፣ ደረሰኝ የወፍራሙ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አላደረግሁትም፣ ግን አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን ከሠራተኛው ተቀበሉና መርካቶም ይሁን ተክለ ሃይማኖት ራሳችሁ ሂዱ። እሱንም ይዛችሁት ሂዱ፣ ዕቃ መምረጥ ያውቃል። የሚከፍለው ግን የእናንተ እጅ ይሁን።

ሴራሚክ ስትገዙ አስር በመቶ ያህል ጨምሩ፤ መቁረጥም መሰበርም አለ። የሁሉም ካርቶን የሎት ቁጥር (የምርት ዙሩ ቁጥር) ተመሳሳይ መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ነጭ ቤት ገብቶ ሁለት ነጭ ይሆናል።

ሳይፈትሹ መዝጋት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ጀሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ የሚበየደው በሚሞቅ ማሽን ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ሲደርስ ቱቦውና ኤልቦው (ማጠፊያው) እኩል ይቀልጡና አንድ አካል ይሆናሉ። አንድ ኤልቦ ብቻ ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። ማሽኑን በእጄ መዳፍ ቀረብ አድርጌ ሞከርኩት፤ ገና ይፋጃል። ገጠምኩት። ከላይ ሲያዩት እንከን የለውም። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ሴራሚክ ሠራተኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ባለቤቱ እሁድ የቤት ምረቃ አለኝ ይላል። "ዝጋው" አልኩት።

ውሃው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሌሊት መጣ። ሌሊት ሰው ስለማይጠቀም ግፊቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ጠዋት የታችኛው ፎቅ ጋሼ በር ቆርቁረው ቆመዋል። አልጮሁም። "ልጄ፣ እኔ ቤት የዘነበው ከየት ነው?" ብቻ አሉኝ። ሴራሚኩን ያስነሳሁት፣ የሳቸውን ጣሪያ ያስቀባሁት ከኪሴ ነው። የሥራው የእጅ ዋጋ ግማሹንም አልሸፈነም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቱቦ ሳይፈተሽ አስዘግቼ አላውቅም። ስንት ሰው ግን ዛሬም ያስዘጋል! "ውሃ የለም" ይላሉ። ለመፈተሽ ሮቶ ሙሉ ውሃ ማን ጠየቀ? አንድ ሁለት ጀሪካን ይበቃል። የእጅ ፓምፕ አለ፤ የቱቦው ጫፎች ሁሉ ይደፈናሉ፣ ውሃ ይሞላል፣ በፓምፑ ይጫናል። እኔ ግፊቱን እስከ 10 ባር አድርሼ አሳድረዋለሁ። ፕላስቲክ ትንሽ ስለሚለጠጥ መጀመሪያ የፓምፑ ግፊት መለኪያ መርፌ ዝቅ ብትል አትደንግጡ፣ እንደገና ይጫናል። ጠዋት ወርዳ ካገኛችኋት ግን የሆነ ቦታ ላይ ያለቅሳል ማለት ነው። ማልቀሱን ሴራሚኩ ሳይለጠፍ ብናገኘው አይሻልም? ፓምፕ የሌለው ቧንቧ ሠራተኛ ከጓደኛው ይዋስ። አልዋስም ካለ ሌላ ፈልጉ። ቸኩያለሁ የምትሉትም እናንተ ናችሁ፤ እንግዳ እሁድ የሚመጣው ለእናንተ እንጂ ለእኔ አይደለም። አንዲት ሌሊት ነች የጠየቅኳችሁ!

ፍሳሹም እንደዚሁ ነው። ጫፉን ደፍናችሁ ውሃ ሙሉበት። የሻወሩ ወለል ላይ ውሃ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሳንቲም ውሃ አቁራችሁ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ታች ያሉትንም ሄዳችሁ ጣሪያቸውን እዩ። ሴራሚኩ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ። የመታጠቢያ ቤት ወለል በውሃ ልክ ዝርግ ከሆነ ተበላሽቷል። በሜትር አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ወደ ፍሳሹ መውረድ አለበት። ውሃው ጥግ ላይ ተኝቶ ከቀረ ለሴራሚክ ሠራተኛው የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡት።

ኮለን ማስቆረጥ

ቱቦ ለመቅበር ብሎኬት ይቆረጣል። ቤቱን የተሸከመው ኮለንና ቢም (ምሰሶና አግዳሚ) ግን አይነካም። ፌሮ የሚቆርጥ ሠራተኛ ካያችሁ መሮውን ከእጁ ቀሙት።

በቪዲዮ መቆጣጠር

ከዱባይም ከዋሽንግተንም የሚደውሉልኝ አሉ። ወንድም ወይም አጎት ያሠራል፣ እነሱ ገንዘብ ይልካሉ፣ ማታ ማታ ፎቶ ይደርሳቸዋል። ወንድም ሌባ ነው አላልኩም። ወንድም ቧንቧ አያውቅም ነው ያልኩት። ፎቶ ላይ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ቤሩት ለዓመታት ሠርታ ባጠራቀመችው ያሠራችውን ቤት ልታይ ስትመጣ፣ በመጀመሪያው ሻወር ውሃው ወደ መኝታ ቤት ገባ። በየደረጃው ለአንድ ቀን መጥቶ የሚያይ ሌላ ባለሙያ ክፈሉ፤ ሥራውን የያዘው ሰው የማያውቀው ቢሆን ይመረጣል። የምትልኩትን ብር ደግሞ ከፎቶው ጋር ሳይሆን ከፍተሻው ጋር አያይዙት። የፓምፑ መርፌ ማታና ጠዋት በቪዲዮ ይታያችሁ።

ፎቶ ከተነሳ አይቀር

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ አንሱት። ቱቦው ከወለል ስንት ሳንቲም ላይ እንደሚያልፍ ይታይ። ባለፈው ወር ሲኤምሲ አካባቢ የኪችን ካቢኔት የሚሰቅል ልጅ ቱቦውን በድሪል ትክክል መሃሉን በሳው። ስደርስ በአንድ እጁ ቀዳዳውን ደፍኖ በሌላው ስልክ ይዟል፣ ባለቤቷ ጣሳ ይዛ ቆማለች፣ ዋናው ቫልቭ የት እንዳለ ከሁለቱ የሚያውቅ የለም።