የምናውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሲያሳስተን፦ ትክክለኛውን ትርጉም ከዐውዱ እንዴት ማግኘት ይቻላል

ከዓመታት በፊት አንድ አጭር ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። የተቀባዩ ስም ከአንድ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ መቅረቱን የሚገልጽ ሲሆን፣ ምክንያቱ «አን ኦቨርሳይት» ነው ይላል። «ኦቨርሳይት» የሚለውን ቃል በየሪፖርቱ አገኘው ስለነበር አላመነታሁም፤ ክትትልና ቁጥጥር ማለት ነው። «በተደረገው ቁጥጥር ምክንያት ስምዎ ከዝርዝሩ ወጥቷል» ብዬ ጻፍሁ። ደብዳቤው ይቅርታ ለመጠየቅ የተጻፈ ነበር፤ በእኔ እጅ ካለፈ በኋላ ግን ክስ ሆነ። ተቀባዩ ምን ጥፋት ተገኘብኝ ብለው ሲጨነቁ አድረው በማግስቱ መጡ። ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቃሉ በዚያ ቦታ ላይ ግድፈት፣ ማለትም ሳይስተዋል የቀረ ስህተት ማለት ነበር።

የማናውቀው ቃል ብዙም አይጎዳንም፤ አለማወቃችንን ስለምናውቅ መዝገበ ቃላት እንከፍታለን። የሚጎዳን የምናውቀው ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራበትን መንገድ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

፩. የለመዳችሁትን ቃል ተጠራጠሩ

አንድ ቃል በብዛት በተነገረ ቁጥር ትርጉሙም ይበዛል። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጆርጅ ዚፍ ይህን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1945 አሳይቷል። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ረን» የሚለውን ቃል እንደገና ሲመረምሩ ለግሡ ብቻ 645 ትርጉሞች ቆጥረዋል። ልጅ ሳለን «ሮጠ» ተብሎ የተነገረን ቃል ነው!

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። «ቆረጠ» የሚለውን ቃላችንን ተመልከቱ። እንጨት ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል፤ ሰውም ለመሄድ ይቆርጣል። ተስፋ ስለቆረጠ ሰው ስንሰማ ቢላዋ ትዝ የሚለን የለም። አማርኛ ስናነብ አጠገቡ ያለው ቃል እየመራን ሳይታወቀን ትክክለኛው ትርጉም ላይ እንደርሳለን። እንግሊዝኛ ስናነብ ግን ይህን ችሎታችንን ትተን መጀመሪያ የተማርነውን ትርጉም ይዘን እንሄዳለን።

ምልክቱ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የማታውቁት ቃል ሳይኖር ሐሳቡ ካነከሰባችሁ፣ ከምታውቋቸው ቃላት አንዱ ሌላ ትርጉም ይዟል።

፪. የቃሉን ክፍል ለዩ

ስም ነው፣ ግሥ ነው ወይስ ቅጽል? «ፋይን» ቅጽል ሲሆን ጥሩ ወይም ደቃቅ፣ ስም ሲሆን መቀጮ ነው። «ቡክ» ስም ሲሆን መጽሐፍ፣ ግሥ ሲሆን ቦታ ማስያዝ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

፫. ትንንሾቹን ቃላት አንብቡ

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 የቃል ማንነት የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት እንደሆነ ጽፏል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ከባልንጀሮቹ መካከል ብዙ የሚናገሩት ዓይናችን የሚዘላቸው ጥቃቅኖቹ መሆናቸውን ነው።

በደብዳቤው ውስጥ ያለፍኋት «አን» አንዲት ፊደል የማትሞላ ነገር መስላኝ ነበር። ነገር ግን «ኦቨርሳይት» ቁጥጥር ማለት ሲሆን አይቆጠርም፤ ስለዚህ «አን» ከፊቱ አይገባም። ግድፈት ማለት ሲሆን ግን አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ሁለቱም ትርጉሞች ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ ከላይ ሆኖ ማየት ቁጥጥር ሆነ፣ አልፎ ማየት ደግሞ ግድፈት ሆነ። የሚለያቸው ምልክት ከፊታቸው የቆመው ቃል ነው፤ እኔም ሳላነበው አለፍሁት።

የሚቆጠርና የማይቆጠር መሆን የብዙ ቃላትን ትርጉም ይለውጣል። «ፔፐር» ብቻውን ወረቀት ነው፤ «አ ፔፐር» ሲሆን ጋዜጣ ወይም ጥናታዊ ጽሑፍ ይሆናል። «አይረን» ብረት ነው፤ «አን አይረን» የልብስ ካውያ ነው። «ፊው» እና «አ ፊው» ደግሞ መጠናቸው ሳይሆን ስሜታቸው ይለያያል፦ በመጀመሪያው «የመጣው ሰው ጥቂት ብቻ ነው» ብሎ ጸሐፊው ያዝናል፣ በሁለተኛው «ጥቂት ሰዎች መጥተዋል» ብሎ ይናገራል። ይህችን ልዩነት ያልያዘ ትርጉም የጸሐፊውን ስሜት ይገለብጣል።

በመጨረሻ የምትመጣውን የብዙ ቁጥር «ስ»ም እንዲሁ አትመኗት። «ዳሜጅ» ጉዳት ነው፤ «ዳሜጅስ» በፍርድ ቤት ሰነድ ውስጥ የጉዳት ካሳ ነው። «ከስተም» ልማድ ነው፤ «ከስተምስ» ጉምሩክ ሊሆን ይችላል። «ሚኒት» ደቂቃ ነው፤ «ሚኒትስ» በስብሰባ ወረቀት ላይ ቃለ ጉባኤ ነው። «አርም» ክንድ፣ «አርምስ» ደግሞ የጦር መሣሪያ። እነዚህን ሁሉ «ዎች» እያልን ብናበዛቸው የማይሆን ነገር እንጽፋለን።

ቀጥሎ መስተዋድዱን ተመልከቱ። «ኢንተረስት» ከኋላው «ኦን» ከመጣ ስለ ወለድ ነው የሚነገረው። «ኢን» ከመጣ ፍላጎት ወይም በአንድ ድርጅት ውስጥ ያለ የባለቤትነት ድርሻ ሊሆን ይችላል። «ቻርጅ» የሚለው ግሥ «ዊዝ» ሲከተለው ብዙውን ጊዜ አንድን ሰው በወንጀል መክሰስ ነው፤ «ፎር» ሲከተለው ሒሳብ ማስከፈል ነው፤ ተሳቢው ባትሪ ሲሆን ደግሞ ኃይል መሙላት ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ሲሆን ኃላፊ መሆን ነው፤ መካከሉ ላይ «ዘ» ገብታ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ሲሆን ግን በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር መሆን ነው። በአንዲት ቃል ጠባቂውና ተጠባቂው ቦታ ይቀያየራሉ።

«ረን»ም ቢሆን 645 ትርጉሞቹን ይዞ አያስፈራም። ተሳቢው ድርጅት ከሆነ መምራት፣ ማሽን ከሆነ ማሠራት ነው። «ፎር» እና የሥልጣን ስም ከተከተሉት ለምርጫ መወዳደር፣ «አውት ኦፍ» ከተከተለው ማለቅ ነው። ትርጉሞቹን በሙሉ የሸመደደ ሰው የለም፤ ያስፈለገው በቀኝ በኩል ያለውን ማየት ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይጨመር የቦታ ለውጥ ብቻውን ይበቃል። «ፕረዘንት ሜምበርስ» የአሁኖቹ አባላት ናቸው፤ «ሜምበርስ ፕረዘንት» በስብሰባው ላይ የተገኙት ናቸው። «ኮንሰርንድ» ከስሙ ፊት ከቆመ የተጨነቀ፣ ከስሙ በኋላ ከቆመ የሚመለከተው ማለት ነው። የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት የተጨነቁ ባለሥልጣናት ተብለው የተተረጎሙበት ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያጠራጠራችሁን ቃል ለጊዜው ተዉትና በግራው ያሉትን ሦስት፣ በቀኙ ያሉትን ሦስት ቃላት በእርሳስ አስምሩባቸው። ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ሁለት ሳምንት ከሠራችሁበት በኋላ ግን እርሳሱን ትታችሁ ዓይናችሁ ራሱ ማስመር ይጀምራል።

፬. ጽሑፉ የየትኛው ሙያ እንደሆነ ጠይቁ

ሙያተኞች አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ የተለመደውን ቃል ወስደው የራሳቸውን ትርጉም ይሰጡታል። በውል ሰነድ ውስጥ «ፓርቲ» ግብዣ አይደለም፣ ተዋዋይ ወገን ነው። «ኢንስትሩመንት» ሕጋዊ ሰነድ ነው። «ኮንሲደሬሽን» አስተያየት ወይም አሳቢነት ሳይሆን፣ ተዋዋዮቹ አንዱ ለሌላው በምላሹ የሚሰጠው ዋጋ ያለው ነገር ነው። እዚህ ላይ መሳሳት ገንዘብ ያስከፍላል።

ሕክምና ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ፖዘቲቭ» የምርመራ ውጤት ደስ የሚል ውጤት ማለት አይደለም፤ የተፈለገው ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። «አኪዩት» በብዙዎች ዘንድ «ከባድ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ሐኪሙ ግን ሕመሙ በድንገት መጀመሩን እንጂ ክብደቱን ላይናገር ይችላል። ይኸው ቃል በሒሳብ ከ90 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን መጠሪያ ነው። «አንሪማርከብል» የሚለው ቃል ስለ መጽሐፍ ሲነገር ነቀፋ ነው፤ በራጅ ውጤት ላይ ሲጻፍ ግን ምንም እንግዳ ነገር አልታየም የሚል የምሥራች ነው።

ከሁሉም በላይ ሕዝብን ሲያሳስት የማየው ቃል «ሲግኒፊካንት» ነው። በስታቲስቲክስ ትርጉሙ ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያዳግታል የሚል ነው፤ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። በጣም ትንሽ ለውጥም በዚህ ትርጉም «ሲግኒፊካንት» ሊሆን ይችላል። ስለ መድኃኒት የሚጻፍ ዜና ይህን ቃል «ከፍተኛ» ብሎ ሲተረጉመው የታመመን ሰው በማይገባ ተስፋ ይሞላል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ተርጓሚዎችም አርታኢዎችም ቆም ብለው እንዲያዩት እማጸናለሁ።

፭. ጸሐፊው ከየት አገር እንደሆነ እዩ

«ቴብል» ግሥ ሲሆን በብሪታንያ አንድን ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ግን ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል እንደጻፉት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገሮች መኮንኖች በዚህ ቃል ምክንያት ረጅምና መራራ ክርክር ገጥመው፣ በኋላ የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ተረድተዋል። «ክዋይት ጉድ»ም በአሜሪካዊ አፍ በጣም ጥሩ፣ በብሪታንያዊ አፍ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ አይከፋም እንደማለት ነው። የምስክርነት ደብዳቤ የምትተረጉሙ ከሆነ ይህን አስቡ።

፮. አሁን መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ

ከዚህ በፊት አይደለም። መጀመሪያ ግምታችሁን ያዙ፣ ከዚያ አረጋግጡ። አንድ ቃል ጽፎ ከጎኑ አምስት የአማርኛ ቃላት የሚደረድር መዝገበ ቃላት ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ለመምረጥ አይረዳም፤ የትኛው መቼ እንደሚሆን አይናገርምና። እኔ የምመርጠው ለተማሪዎች የተዘጋጁትን የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኮቢልድ ቃሉን የሚፈታው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ባልንጀሮቹን አብሮ ያሳያል። ሜሪያም ዌብስተር ደግሞ ትርጉሞችን የሚደረድረው ከጥንቱ ወደ አዲሱ ነው፤ ስለዚህ አንደኛ የተጻፈው በብዛት የሚሠራበት ላይሆን ይችላል። በየትኛውም ቢሆን ፍቺውን ሳይሆን ምሳሌውን ቀድማችሁ አንብቡ፣ የእናንተን ዓረፍተ ነገር የሚመስለውን እስክታገኙም ውረዱ።

የኮምፒውተር ተርጓሚ ከተጠቀማችሁ ነጠላ ቃል አትስጡት። ቢያንስ ሙሉውን አንቀጽ ስጡት፤ የሰጣችሁንም እንደ አንድ ግምት እንጂ እንደ ፍርድ አትቀበሉት።

፯. ትርጉሙን መልሳችሁ ሞክሩት

ያገኛችሁትን ትርጉም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡና የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አብራችሁ አንብቡ። ይህ በተለይ የሚያስፈልገው ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ለያዙ ቃላት ነው። «ሳንክሽን» መፍቀድም ማዕቀብ መጣልም ነው። «ደስት» አቧራ ማራገፍም ዱቄት መነስነስም ነው። በእነዚህ ጊዜ ሁለቱም ትርጉሞች ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰላማዊ ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የተሳሳተውን የሚያጋልጠው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔም ያን ጊዜ ወደ ታች ባነብ ኖሮ የደብዳቤው መጨረሻ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አይ ነበር።

ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ ቃሉን ለብቻው አትጻፉ፤ ያገኛችሁበትን ሐረግ በሙሉ ጻፉ። በሁለት ዓምድ ቃልና ትርጉም የሞላሁባቸው ደብተሮቼ ያን ስህተት ካስተማሩኝ መካከል ናቸው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሁለት መንገድ ክፍት ሆኖ ከቀረ ጸሐፊውን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» አትበሉ፤ ለእሱ ግልጽ ስለሆነ ያንኑ ቃል ይደግምላችኋል። ሁለቱን ትርጉሞች ወደ ሁለት ድርጊት ለውጣችሁ አቅርቡለት፦ «ጉዳዩ በዛሬው ስብሰባ ይታያል ወይስ ለሌላ ቀን ይቆያል?»