የመንጃ ፈቃድ ሰልጣኞችን መረጃ እንዴት እንያዝ?

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ማሰልጠኛ ተቋማችን የሚመዘገብ ሰው ፋይዳውን ወይም መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የጤና ምርመራ ወረቀቱን፣ ጉርድ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሩን አስረክቦ ይሄዳል። ለአጭበርባሪ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነቱን የሚጥለው መረጃውን በሰበሰበው ተቋም ላይ ነው፤ «አሰልጣኙ ነው የላከው» ማለት አያድንም።

ምዝገባ ላይ ስሙን በቃል ሰምታችሁ አትጻፉ። ፀሐይ እና ጸሃይ፣ ኃይሉ እና ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ በሲስተም ግን ሁለት ሰው ይሆናሉ። መታወቂያውን እያያችሁ ፊደል በፊደል ከገለበጣችሁ በኋላ የጻፋችሁትን ሰልጣኙ ራሱ እንዲያነበው አድርጉ። በፋይዳው እና በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ ያኔውኑ ንገሩት፤ በፈተናው ሰሞን የሚታወቅ ስህተት ሳምንታት ይበላል። ለፋይዳ ማረጋገጫ ስልኩ ላይ የሚገባውን ኮድ ራሱ ያስገባው። ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አትጠይቁት፤ ካስለመዳችሁት ነገ ለሌባም ያነብለታል።

አሰልጣኙ መኪና ውስጥ የሚያስፈልገው ስም ከነአባት፣ የፈቃድ ምድብ፣ የዕለቱ ሰዓትና የቀረው ሰዓት ነው። የጤና ወረቀቱ ሰልጣኙ በመነጽር መንዳት አለበት ካለ፣ ፕሮግራሙ ላይ «በመነጽር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ወረቀቱ ራሱ ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ይቀመጣል፤ ሕጉም የጤና መረጃን ከሌላው ለይቶ ጠበቅ አድርጎ ይጠብቀዋል። ቀጠሮ በቢሮ ስልክ ይያዝ። ሴት ሰልጣኞች ማታ ማታ «ሰላም ነው?» የሚል መልእክት የሚደርሳቸው ቁጥራቸው በየአሰልጣኙ ስልክ ስለሚቀር ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ዋናው ቀዳዳ ግን ቴሌግራም ነው። ግሩፕ ከከፈታችሁ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቁጥሩን ያልደበቀ ሰው ቁጥሩም ይታያል። ለፕሮግራም ማስታወቂያ ቻናል ክፈቱ፤ የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ስም ሳይሆን በምዝገባ ወቅት የሰጣችሁትን ተራ ቁጥር ለጥፉ፦ «47፣ ማክሰኞ 2፡00»። የፈተና ውጤት ወረቀት ፎቶ አንስቶ መለጠፍማ ነውር ነው፤ የወደቀው ሰው ዘመዶቹ ሁሉ ያዩታል። ሰልጣኝ የመታወቂያውን ፎቶ ከላከላችሁ አትሙና ከሁለቱም ወገን አጥፉት። የስልካችሁ ጋለሪ ውስጥ ገብቶ እንደሆነም እዩ፤ ቴሌግራም ፎቶ በራሱ እንዲያስቀምጥ ተፈቅዶለት ከሆነ ከቻት ማጥፋት ብቻውን ምንም አይጠቅምም። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የቀረ አካውንት ካለ ከስልካችሁ ቅንብር «መሣሪያዎች» ገብታችሁ ዝጉት። ሥራ የለቀቀ አሰልጣኝ ከቻናሉ የሚወጣው በለቀቀበት ቀን ነው፣ በወሩ መጨረሻ አይደለም።

ተቋሙ ውስጥ በሚቀረው ፎቶ ኮፒ ላይ በሰያፍ ሁለት መስመር አስምሩና በመካከሉ «ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። መስመሩ የፎቶውን ጠርዝ ይንካ፤ ቁጥሩን ግን አይሸፍን። እንዲህ ያለ ቅጂ ቢሰረቅ እንኳ ሌላ ጉዳይ ለማስፈጸም አይመችም።

የተበላሸ ኮፒ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። አሮጌ ወረቀት ሱቅ ደርሶ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ የሰው መታወቂያ በቆሎ ተሞልቶ ሲዞር አስቡት። በመቁረጫ ማሽን ፍጩት፣ ከሌለ አቃጥሉት።

ስልክ ወይም ፋይል ከጠፋ በመጀመሪያ የጠፋውን መዝግቡ፦ የስንት ሰው፣ ምን ምን ሰነድ፣ መቼ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ለማሳወቅ ያላችሁ ጊዜ 72 ሰዓት ነው። «ይገኝ ይሆናል» እያሉ ሁለት ቀን የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ የሚቀራቸው አንድ ቀን ዝርዝሩን ለማሟላት እንኳ አይበቃም። ለሰልጣኞቹም ደውሉ፤ በስማቸው ሲም ወጥቶ እንደሆነ ቶሎ እንዲያጣሩ።