የጠፋ ሰው ፍለጋንና የግድያ ምርመራን የሚያሰናክሉ ስህተቶች

ለዓመታት ሳይፈቱ የቆዩ የግድያና የመሰወር መዝገቦች በመጨረሻ እልባት ሲያገኙ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ የወንጀለኛው ስም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በመዝገቡ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ፍትሕ የዘገየው ማስረጃ ጠፍቶ ሳይሆን የሁሉም ዓይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለዞረ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ስህተቶች የመርማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ቤተሰብም፣ ጎረቤትም፣ ጋዜጠኛም፣ ጉዳዩን ከሩቅ የሚከታተል ሰውም ድርሻ አላቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ የተወሰዱት በእነዚህ መዝገቦች ላይ የተፈጸመው ስህተት በኋላ ተመርምሮ በይፋ ስለተነገረ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስኪነጋ መጠበቅ

«24 ሰዓት ሳይሞላ ለፖሊስ ማመልከት አይቻልም» የሚለው እምነት በብዙ አገር የተሰራጨ ሲሆን ጉዳቱም ከባድ ነው። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፖሊስ የጠፋ ሕፃን አቤቱታ ለመቀበል የጥበቃ ጊዜ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያሳተመው ጥናት ደግሞ ተጠልፈው ከተገደሉት ሕፃናት መካከል ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። በእኛ ዘንድ ቤተሰብን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ሕግ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። በተለይ የጠፋችው ወጣት ሴት ስትሆን «ስሟ እንዳይነሳ» በሚል ጉዳዩ በዘመድ አዝማድ መካከል ብቻ ሲንከባለል ይቆያል፤ በዚህ መካከል የስልክ ጥሪ የተደረገበት ሰዓት ይረሳል፣ ያየ ሰው ይበተናል፣ የሱቅ ካሜራ የቀረጸው በሌላ ምስል ይሸፈናል። ያንኑ ዕለት ወደ ጣቢያ መሄድ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ፣ የለበሰውን ልብስና የሚወስደውን መድኃኒት አስመዝግቦ የመዝገብ ቁጥሩንና የተቀበለውን ፖሊስ ስም ይዞ መመለስ ይገባል።

የጠፋውን ሰው ክፍል ማጽዳት

ሐዘን ወይም ጭንቀት ባለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ልብስ ይታጠባል። በደግነት የሚደረገው ይህ ሁሉ ማስረጃ ያጠፋል። በዲሴምበር 26 ቀን 1996 በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ የስድስት ዓመቷ ጆንቤኔ ራምሴ ጠፋች በተባለ ጊዜ ፖሊስ መጀመሪያ የዘጋው የልጅቷን መኝታ ክፍል ብቻ ነበር። ወዳጆች በቀረው ቤት እንደ ልባቸው ይመላለሱ ነበር። ከሰዓታት በኋላ አባትየው ቤቱን እንዲፈትሹ ሲጠየቁ አስከሬኗን በምድር ቤቱ አግኝተው ተሸክመው ወደ ላይ አወጡት። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ አልተፈታም። እንዲህ ባለ ቀን ክፍሉን ቆልፎ ለቀስተኛውን በሌላ ቤት መቀበል፣ የጥርስ ብሩሹንና ማበጠሪያውን ሳይነኩ መተው ለዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው።

በአንድ ማስረጃ ላይ ሙጭጭ ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በሰሜን እንግሊዝ ከ1975 እስከ 1980 ድረስ 13 ሴቶችን የገደለው ፒተር ሰትክሊፍ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከመያዙ በፊት ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል። በ1977 ከተገደለች ሴት ቦርሳ የተገኘ አዲስ የአምስት ፓውንድ ኖት ለደመወዝ መክፈያ ወደ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሄደ ሲጣራ፣ ሰትክሊፍ የሚሠራበት ድርጅት ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በጁን 1979 ግን ምርመራውን ይመሩ ለነበሩት ለጆርጅ ኦልድፊልድ ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል ሰው ድምፁን በካሴት ቀርጾ ላከ። አነጋገሩ የሰንደርላንድ አካባቢ ሰው እንደሆነ ያሳይ ስለነበር ከዚያ በኋላ እንዲህ የማይናገር ተጠርጣሪ ከዝርዝሩ ይወጣ ጀመር። አነጋገሩን ለይተው ያወቁት የቋንቋ ባለሙያዎች ራሳቸው ሰውየው አጭበርባሪ ሊሆን እንደሚችል ቢያስጠነቅቁም የሰማቸው አልነበረም።

በዚያው ክረምት አንድ ተራ መርማሪ ሰትክሊፍን ቤቱ ድረስ ሄዶ ካነጋገረው በኋላ ጥርጣሬውን በጽሑፍ ለአለቆቹ አቀረበ። የዮርክሻየር ሰው እንጂ የሰንደርላንድ ሰው ስላልነበረ ሪፖርቱ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀመጠ። ካሴቱ ከደረሰ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገደሉ። ካሴቱን የላከው ሰው በፖስታው ላይ በቀረ ምራቁ በዘረመል ምርመራ ተለይቶ በ2006 ስምንት ዓመት ተፈረደበት፤ ከግድያዎቹ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

ሰትክሊፍ የተያዘበት መንገድ ለዚህ ስህተት ጥሩ መልስ ነው። በጃንዋሪ 2 ቀን 1981 ሌሊት በሼፊልድ ከተማ ሁለት ፖሊሶች የሰሌዳ ቁጥሩ የመኪናው ያልሆነ ተሽከርካሪ አይተው ሾፌሩን ያዙት። ሰውየው ሽንት ልሽና ብሎ ለጥቂት ጊዜ ከአጠገባቸው ራቅ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሳጅን ሮበርት ሪንግ ያ ሰው አሁንም እየተጠየቀ መሆኑን ሲሰሙ ያቺ ቅጽበት ትዝ አለቻቸውና ወደ ሥፍራው ተመለሱ፤ መዶሻና ቢላዋ ተደብቀው አገኙ። ሳጅኑ ዓይናቸው ያየውን ትንሽ ነገር ተከታተሉ እንጂ ገዳዩ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል የተዘጋጀ ሥዕል አልተከተሉም። እያንዳንዱ መርማሪ ቡድን በየጊዜው «ይህን አንድ ማስረጃ ከመዝገቡ ብናወጣው የሚቀረው ስም የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ተጎጂን በደረጃ መመደብ

በዚያው መዝገብ ፖሊስ ገዳዩ የሚጠላው ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ ነው ብሎ ስላመነ፣ ከጥቃቱ ተርፈው መልኩን በትክክል የገለጹ ሌሎች ሴቶች ቃላቸው ከምርመራው ጋር ሳይያያዝ ቀረ። ተጎጂዎቹን «ንጹሐን» እና ሌሎች ብሎ የከፈለው አነጋገር ሟቾቹን አዋርዷል፤ የዌስት ዮርክሻየር ፖሊስ አዛዥ ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2020 ነው። ይህ ስህተት ለእኛም ቅርብ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ሠራተኛ ሆና የሄደች እህት ድምፅዋ ሲጠፋ አሠሪዋ «ኮብልላለች» ብሎ ካመለከተ ጥያቄው የት ደረሰች ከሚለው ወደ ሕግ መጣሷ ይዞራል፤ የሚፈልጋት ሳይሆን የሚከሳት ይበዛል። ቤተሰብ የመጨረሻውን የድምፅ መልእክት፣ የአሠሪውን ስልክና የውሉን ቅጂ ይዞ ጉዳዩ በመሰወር እንዲመዘገብ ለቆንስላው በጽሑፍ ማመልከት አለበት።

የላቦራቶሪ ውጤት አይሳሳትም ማለት

በ2007 በጀርመኗ ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ተገደለች። ከመኪናዋ የተወሰደው ናሙና በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ 40 ያህል የወንጀል ሥፍራዎች ላይ ከተገኘ የአንዲት ሴት ዘረመል ጋር ተመሳሰለ፤ ከነፍስ ግድያ እስከ ተራ ስርቆት ድረስ ሁሉ የዚህች ሴት ሥራ መሰለ። 300 ሺህ ዩሮ ወሮታ ተመደበ፣ ጥርጣሬው ሮማ (ጂፕሲ) በሚባሉት ሕዝቦች ላይ ሳይቀር ወደቀ። በ2009 የአንድ ወንድ ማንነት ሲጣራ ያው የሴት ዘረመል ሲወጣ ነገሩ ተገለጠ፤ ናሙና የሚወሰድበት ጥጥ በፋብሪካ ሲታሸግ የነካችው ሠራተኛ ዘረመል ነበር። ጥጡ ከጀርም የጸዳ እንጂ ከዘረመል የጸዳ አልነበረም። የፖሊሷ ገዳዮች ቀኝ አክራሪ አሸባሪዎች መሆናቸው የታወቀው በ2011 ነው። አንድ ውጤት ከሌላው ማስረጃ ሁሉ ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ናሙናው የተሰበሰበበት መንገድ ነው።

«አምኗል» በሚል ቃል መርካት

በ1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በደረሰ ጥቃት አምስት ታዳጊዎች ለረጅም ሰዓታት ከተጠየቁ በኋላ የሰጡት ቃል ስለ ቦታውና ስለ ሁኔታው እርስ በርሱ ይቃረን ነበር፤ ሆኖም ተፈረደባቸው። በ2002 ሌላ እስረኛ ድርጊቱን ማመኑና ዘረመሉ ከእርሱ ጋር መመሳሰሉ ፍርዱን አሰረዘው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ድንጋጌው ተጠርጣሪውን ብቻ ሳይሆን ሟቹንም ይጠብቃል፤ በሐሰት የእምነት ቃል የተዘጋ መዝገብ እውነተኛውን ገዳይ ከቤቱ ይተወዋል። ፖሊስና ቤተሰብ ወንጀለኛው ብቻ የሚያውቀውን አንድ ዝርዝር ነገር ከአደባባይ መደበቅ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። «አፋልጉን» የሚል ማስታወቂያ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲወጣ ሁሉንም ምልክት ከዘረገፉት «ልጁ እኛ ዘንድ ነው፣ ብር ላኩ» ብሎ የሚደውለውን አጭበርባሪ ለመፈተን ምንም አይቀራቸውም።

ሳይረጋገጥ ስም ማውጣት

በኦክቶበር 1989 በሚኔሶታ ግዛት ሴንት ጆሴፍ ከተማ የ11 ዓመቱ ጄኮብ ዌተርሊንግ በብስክሌት ሲመለስ ጭምብል ባጠለቀ ሰው ተወሰደ። ከዘጠኝ ወር በፊት በአቅራቢያው በኮልድ ስፕሪንግ አንድ ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ተጠልፎ ተለቅቆ ነበር። ዳኒ ሃይንሪክ የተባለው ሰው በሁለቱም ጉዳይ በወራት ውስጥ ተጠይቆ ተለቀቀ። ከ20 ዓመት በኋላ በ2010 ግን መርማሪዎች ልጁ የተወሰደበት ሥፍራ አጠገብ የሚኖርን አንድ የሙዚቃ መምህር ግቢ ቆፍረው በይፋ በጥርጣሬ ጠሩት። ሃይንሪክ በ2016 አምኖ አስከሬኑን አሳየ፤ የመምህሩ ዓመታት ግን አልተመለሱም። የካውንቲው ሸሪፍ በ2018 መዝገቡን ይፋ ሲያደርጉ ምርመራው ከመስመር መውጣቱን ራሳቸው ተናግረዋል። መርማሪ እንዲህ ከተሳሳተ፣ መዝገብ ያላየ ተከታታይ ምን ያህል እንደሚሳሳት መገመት አያዳግትም። ከ2013ቱ የቦስተን ፍንዳታ በኋላ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ቤተሰቡ በጭንቀት ሲፈልገው የነበረን አንድ የጠፋ ተማሪ ፈንጂ አጥማጅ አደረጉት፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ከወንዝ ተገኘ፣ በጉዳዩም እጁ አልነበረበትም።

መዝገቡ ሲቀዘቅዝ ኤግዚቢቱን መርሳት

በ1981 በፍሎሪዳ ተጠልፎ በተገደለው በአዳም ዎልሽ መዝገብ ፖሊስ ከዋናው ተጠርጣሪ መኪና የወሰደውን ደም ያለበት ምንጣፍም መኪናውንም አጠፋ፤ የዘረመል ምርመራ ሲመጣ የሚመረመር ነገር አልነበረም። በካሊፎርኒያ ግን ከ1980ው የቬንቹራ ግድያ የተወሰደ ናሙና በአግባቡ ተጠብቆ በመቆየቱ ሩቅ ዘመዶችን በዘረመል በማፈላለግ በ2018 ገዳዩን ጆሴፍ ዲአንጄሎን ለማግኘት ተቻለ፤ ሰውየው የቀድሞ ፖሊስ ነበር። መርማሪ ሲቀየር ወይም ጣቢያ ሲዛወር ቤተሰብ ሁለት ነገር በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ኤግዚቢቱ አሁን በማን እጅ እንዳለ፣ እና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጠይቀው ከተለቀቁት ሰዎች መካከል እንደገና ያልታየው ማን እንደሆነ።